አያ ጅቦ የዋጠው የቃጫ ጅራት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ከጎረቤት ይበደር! በድሮ ዘመን፣ ስሙ በጠፋብን አገር፣ የጦጣ ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ጅራቷ ይቆረጥ ነበር። እናት ትቆርጣለች፤ የተቆረጠውም በቅጠል ተጠቅልሎ ለአያ ጅቦ ይላካል።

«ወግ ነው!» ይላል አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ። «ጅራታም ሴት ባል አታገባም፣ ከምንጩም ውሃ አትቀዳም። ወግ ነው!» ለወጉ ተቆርቁሮ እኮ ነው፣ ሆዱን ወዶማ አይደለም!

እመት ጦጢት የበኩር ልጇን በዚሁ ወግ ቀብራለች። ደሟ አልቆም ብሎ እቅፏ ውስጥ ነው ያለቀችባት። የታናሿ የድምቡሼ ተራ ሲደርስ አንጀቷ እምቢ አላት። ቃጫ ገመደች፣ ጥላሸት ቀባችና ጅራት አስመስላ ላከችለት። የልጅቷን ጅራት ወገቧ ላይ ጠምጥማ በመቀነት ሸፈነችው። እልልታውንማ አቀለጠችው! አያ ጅቦ መቼ አኝኮ ያውቃል? ዋጥ!

ከዚያ ወዲያ ጦጢት ሰላም አጣች። ቀጭኗ ጎረቤቷ እመት ጭራሮ ቀና ብላ ባየቻት ቁጥር «ወይኔ፣ አወቀችብኝ!» ትላለች።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አገሩን ዋርካው ሥር ሰበሰበ። «የበላሁት ጅራት አልፈጭ አለኝ! አንዷ ጉድ ሠርታኛለች! ወግ ነ... እህ! እህ!» ሲል፣ ከአፉ የቃጫ ጫፍ ብቅ አለ።

ጦጢት በልቧ ልጄን ከምንጩ ሊያባርሩብኝ ነው አለች። ግን ሟቿ ልጇ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባትና ብድግ አለች።

«የኔ ነው! ልጄን አልቆረጥኩም፣ አልቆርጥምም! የመጣው ይምጣ!»

ጭራሮ ተነሥታ ቃጫውን ጎተት አደረገችና «ምን ሲደረግ ያንቺ ይሆናል? ይሄ የኔ ግምድ ነው!» አለች።

«ኧረ ወዲያ! ቋጠሮዬን አላውቀውም እንዴ? የኔ ነው!» አለች ሌላዋ።

ቢጎትቱት ቢጎትቱት አያልቅም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይከተላል። ለካ የአገሩ እናት ሁሉ አያ ጅቦን ቃጫ ስታበላው ኖራለች! እርስ በርስ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ድምቡሼ መቀነቷን ፈትታ ጅራቷን ብትለቀው፣ ሴት ልጆቹ ሁሉ ተከትለዋት ዛፍ ለዛፍ ተንጠላጠሉ።

አያ ጅቦ «ወግ...» ሊል ሲል፣ «ወግህን ዋጠው!» ብለው አባረሩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ቢላ ለሽንኩርት ብቻ ሆነ።

አያቶቻችን እንዲህ ያሉት ለዚሁ ነው፦ ጎረቤታሞች ሲፈራሩ፣ ጅብ ሲቀልቡ ኖሩ።