ጨዋ የሆነችው በቀቀን

አንድ ሰው ነበረ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው የሚኖረው። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድነግራችሁ ግን ፈቅዶልኛል። ሚስቱን በሞት ካጣ ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለችው፤ እኛ ረድኤት እንበላት፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ልጅቷ ደግሞ አንዲት ትንሽ በቀቀን አለቻት፤ እፍኝ የማትሞላ አረንጓዴ ወፍ። የወፏን ስም ማን እንዳለቻት ታውቃላችሁ? ወሬኛ!

ሳቁ፣ ግድ የለም። ወፏን ብታውቋት ስሙ አነሳት ትሉ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ትጀምራለች። ሰው ሲገባ ትጮኻለች፣ ሰው ሲወጣ ትጮኻለች፤ ዜና ሲጀመርማ አይጣል ነው። ሰውየው ውሃ ሊቀይርላት እጁን ወደ ሽቦ ቤቷ ካስገባ ትነክሰዋለች። ረድኤትም ብትሆን ከወፏ አትተናነስም። በሩ ገና ሲከፈት "አባዬ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ልንገርህ?" ትላለች።

ሰውየው ሾፌር ነው። ሲነዳ ውሎ ሞተሩን ጆሮው ውስጥ ይዞት ነው ቤቱ የሚገባው። ታዲያ አንድ ቀን ወፏ ስትጮህ፣ ልጅቷም "አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር" ስትል፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

"ኧረ ዝም በሉ! ሰው በገዛ ቤቱ አይረፍ?"

በማግስቱ የወፏን ቤት አንሥቶ ጓሮ ካለችው ማድ ቤት አስገባት። ጠባብ ናት፤ ከሰል የሚቀጣጠለው እዚያው ነው። ሳሎኑ ጸጥ አለ።

ከዚያስ? ከዚያማ ወፏ ጨዋ ሆነች! መጮኹን ተወች። መንከሱንም ተወች። እጁን ሲዘረጋላት ጣቱ ላይ ቆማ ዝም ትላለች። ሰውየው ደስ አለው። ለሥራ ባልደረቦቹ ሳይቀር "ትንሽ ቆጣ ሲሉባት እንዴት እንደምታድብ ብታዩ!" ብሎ አወራ።

ልጅቷም አደበች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ደብተሯን ትዘረጋለች፣ የተሰጣትን ትበላለች፣ ትተኛለች። እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ እናቶች "ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ! እንዴት ብታሳድጋት ነው?" አሉት። አዎ፣ ከእናንተ መካከል ናቸው ያሉት። እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይጮህ የነበረ ሰው ዝም ሲል ደስ የሚለን ለምንድን ነው? እሱ ስላረፈ ነው? ወይስ እኛ ስላረፍን?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረድኤት ከማድ ቤት እየሮጠች መጣች።

"አባዬ፣ ወሬኛ ታማለች!"

"ምን ሆነች? አሁን አይቻት መጣሁ እኮ፤ ጨዋ ሆና ተቀምጣለች።"

"ጨዋ አልሆነችም። ላባዋን ነፍታ ነው የተቀመጠችው። ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አምጥታለች። ይሄ ድምፅ የሷ አይደለም።"

"በይ ሰኞ እናያታለን። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው።"

ልጅቷ አልተቀመጠችም። የወፏን ቤት በነጠላዋ ሸፍና ታቀፈችው። "እንግዲያው ብቻዬን እወስዳታለሁ" አለች። ያቺ አደበች የተባለች ልጅ! ሰውየው ይህን ሲያይ እያጉረመረመም ቢሆን ጫማውን አደረገ።

የእንስሳት ሐኪሟ ጆሮዋን አስጠግታ ወፏን አዳመጠቻት።

"የት ነው የምታስቀምጧት?"

"ማድ ቤት።"

"ከሰል ይነዳል?"

"ይነዳል።"

"ጋሼ፣ እነዚህ ወፎች ጭስ አይችሉም። ትንፋሽ አጥሯታል። ድምፅዋን ካጠፋች ቆየች?"

"እኔማ ያደበች መስሎኝ ነበር" አለ ሰውየው።

ሐኪሟ አልሳቀችበትም። "ወፍ ስትታመም ትደብቃለች" አለችው። "ደካማ መስላ ከታየች አውሬ ይበላታላ። ስለዚህ አቅሟ እስኪያልቅ ድረስ ደህና ትመስላለች። ስትነክስዎት ደህና ነበረች፣ ጋሼ። መንከሱን የተወች ዕለት ነበር ይዘዋት መምጣት የነበረብዎት።"

ወገኖቼ፣ ይህን ልድገመው፤ ሰምታችሁ እንዳታልፉት። መንከሱን የተወች ዕለት!

መድኃኒት ሰጠቻቸው። ሙቀትና ንጹሕ አየር እንዳይለያት አዘዘች። ትድናለች ብላ ግን አላረጋገጠችም። ወደ ቤት ሲመለሱ ሰውየው መኪናውን እየነዳ ልጁን ጠየቃት፤ "ይህን ሁሉ ምልክት እንዴት አወቅሽ?"

"እሰማታለኋ። ጠዋት የምትጮኸው እኛን ስትጣራ ነው። ምንቃሯን ስታፋጭ ደስ ብሏት ልትተኛ ነው። አንዱን ድምፅ እየደጋገመች ስትጮህ ግን ወይ ፈርታለች፣ ወይ ብቻዋን ሆናለች።"

ሰውየው መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ።

"አንቺስ?" አላት። "አንቺ ለምንድን ነው ዝም ያልሽው?"

ልጅቷ ወፏን እንዳቀፈች ነጠላውን አስተካከለችላት። ከዚያ "ለሁለታችንም እኮ ነው ዝም በሉ ያልከው" አለችው።

ሰውየው ያን ጊዜ ልቤ ተሰነጠቀ ብሎኛል። ቁልፉን ከመኪናው ነቀለ። "ንገሪኝ" አላት። "እስክትጨርሺ ድረስ ከዚህ አንነቃነቅም።"

ነገረችው። አንድ ጎረምሳ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየተከተለ ያስፈራራታል። ለሰው ብትናገሪ ወዮልሽ ብሏታል። ጠረጴዛው የተመታ ዕለት ልትነግረው የነበረው ይህንኑ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ፍርሃቷን ይዛ ስትሄድና ስትመጣ፣ እኛ ጨዋ ልጅ እንላታለን!

ሰውየው ሰኞ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ልጁን በእጁ ይዞ ትምህርት ቤት ወሰዳት። ርእሰ መምህሩን አናገረ። የጎረምሳውን ወላጆች ቤት አንኳኳ። ፖሊስ ጣቢያም ሄዶ አመለከተ። ተመላለስ ሲሉት ተመላለሰ፤ ነገሩ እልባት እስኪያገኝ አልተኛም። ወፏም ሳሎን ገባች፤ ብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሰነበተች። አንድ ማለዳ ውሃ ሊቀይርላት እጁን ሲያስገባ ጣቱን ነክሳ አደማችው። "ረድኤት! ነከሰችኝ! ነይ እዪ፣ ነከሰችኝ እኮ!" እያለ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ይህን ሲያጫውተኝ ይስቅም ያለቅስም ነበር።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ዝም ያለ ሁሉ ታሟል አላልኩም። ሲፈጠር ዝምተኛ የሆነ ሰው አለ፤ ባልሽ እንደዚያ ከሆነ ተዪው፣ አታስለፍልፊው። እኔ የምላችሁ የተለወጠውን ነው። ትከራከርህ የነበረች ሚስትህ "አንተ እንዳልክ" ማለት ከጀመረች ትዳሬ ሰላም አገኘ ብለህ አትተኛ። ቤትሽ የምታገለግል ልጅ ሥራዋን እየሠራች ዘፈኗን ካቆመች፣ ምን ሆነሽ ነው በያት። እዚህ ፊት ተቀምጦ በጥያቄ ያስቸግረን የነበረው ወጣት አሁን ከኋላ ምሰሶው ጋ ነው የሚቀመጠው። አይታችሁታል? እኛ በሰለ ብለናል። ማን ጠየቀው?

"ዝም አይነቅዝም" ትሉኛላችሁ። ለሐሜት ከሆነ እውነት ነው። የተከፋ ልብ ግን በዝምታ ይነቅዛል፤ እህል ጎተራ ውስጥ እንደሚነቅዝ፣ ከላይ ደህና መስሎ። እግዚአብሔር የተጨነቀ ሰው ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን የሚደፍን አምላክ አይደለም። እኛ ልጆቹ ነን የምንል ታዲያ በየቤታችን ስንቱን ማድ ቤት አስገብተናል?

ደክሞኛል አትበሉ። ሰውየውም ደክሞት ነበር። ሰኞ እናየዋለን አትበሉ፤ የወፏ ትንፋሽ ሰኞን አይጠብቅም ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልኩን አስቀምጡ፣ ዝም ካለው ሰው አጠገብ ቁጭ በሉ። "ምንም አልሆንኩም" ይላችኋል። ወፏም ደህና ትመስል ነበር። እንደገና ጠይቁ። ቢቆጣችሁ፣ ቢነክሳችሁ እንኳ ደስ ይበላችሁ፤ ገና አቅም አለው ማለት ነው።

በሉ ተነሡ፣ እንጸልይ። ዛሬ ጸሎቱን አሳጥረዋለሁ። ቤታችሁ ዝም ያለ ሰው አለ።