አህያና የሥራ አስኪያጁ ወንበር

ተረት ተረት ብያለሁ፤ «የላም በረት» ያላችሁም ስሙኝ፣ ዝም ያላችሁም ስሙኝ።

አንበሳ የእህል ንግድ ከፈተና ሥራ አስኪያጅ በውድድር እቀጥራለሁ ብሎ አስነገረ። እንስሳቱ ሁሉ ለማየት ሜዳውን ሞሉት። ቁራ ደግሞ ዋርካ ላይ ወጥቶ የሆነውን ሁሉ ላልመጡት እየጮኸ ያሰማ ነበር። አንበሳ በየቀኑ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱን «ተሰናብተሃል» እያለ ሲያባርር ሰንብቶ በመጨረሻ አህያና ጦጢት ብቻ ቀሩ።

አህያ ከአንበሳ አጠገብ የቆመውን የሥራ አስኪያጅ ወንበር አፍጥጦ ያያል። ያ ወንበር የእሱ ከሆነ ጀርባው ከጭነት ሊያርፍ ነው።

«ና አህያ፣ አሸንፈሃል፤ ወንበሩ ያንተ ነው» አለ አንበሳ።

አህያ በደስታ ሊያናፋ ምንም አልቀረው። ነገር ግን ጨዋ አሳዳጊ ያሳደገው ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ማን ሆኜ! ይቅርብኝ» አለና እንደ ደንቡ «በሞቴ፣ በሞቴ» ተብሎ እስኪለመን ጠበቀ።

«ምነው፣ አትፈልገውም?»

ቶሎ እሺ ማለት ነውር መሰለው። «ከእኔ እመት ጦጢት ትሻላለች» አለ፣ ዐይኑን ከወንበሩ ሳይነቅል።

«እውነት የሚናገር ተወዳዳሪ ገና ዛሬ አየሁ!» አለ አንበሳ። «ጦጢት፣ ነይ ተቀመጪ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ጦጢት ተቀምጣለች። «እግዜር ይስጥህ፣ አያ አህዮ!»

«ጦጢት ተቀመጠች!» ብሎ ቁራ ሲጮህ አገሩ በጭብጨባ ተናወጠ።

ወንበሩ ወደ መጋዘኑ መሄድ ነበረበትና ጦጢት እንደተቀመጠችበት አህያ ላይ ጫኑት። አህያም መንገዱን ሙሉ ጆሮውን ወደ ኋላ አቅንቶ ሄደ፤ «በሞቴ» የሚል ቢመጣ እንዳያመልጠው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ለማበስ ግን አንድ ጊዜ ከጠየቃችሁኝ ይበቃል።