የጋሽ ይርዳውን ገንዳ ማን አዳነው?

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይምሰላችሁ ያለፈው ዓመት ነው፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባሕርን ሳሎኑ ያስገባ ሰው ነበር። ይርዳው ይባላል፤ ጎረቤቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባቡር ጅቡቲ ሲመላለስ ባሕር ወደደና፣ ጡረታ ሲወጣ አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አቁሞ ጨው ውሃ ሞላበት፣ ድንጋይ ደረደረበት፣ ዓሣ ለቀቀበት። ከድንጋዮቹ አናት ላይ አንዲት ኮራል አለች። ኮራል ለማታውቁ፣ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጡር ነው፤ ቅርንጫፍ እያወጣ ያድጋል። ያቺን ኮራል በእጇ እዚያ ያስቀመጠቻት ባለቤቱ ወርቅነሽ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። እሷ ካረፈች ወዲህ ይርዳው ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ «እንደምን አደርሽ» የሚላት ኮራሏን ነው። ከእኔ በፊት ማለት ነው፣ አርባ ዓመት አብሬው ከኖርኩት ጎረቤቱ በፊት።

ይህ ገንዳ አልጌ ወረረው። አልጌ ያ አረንጓዴ፣ አንሸራታች፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ነገር ነው። መጀመሪያ መስታወቱን ሸፈነ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን፣ በመጨረሻ ፀጉር አብቅሎ ኮራሏ ላይ ወጣ። ኮራሏ ብርሃን አጥታ ከእግሯ በኩል መንጣት ጀመረች፤ እንዲህ ሲሆን እየሞተች ነው ይላሉ።

በዚያው ወር ይርዳው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦት ወደቀ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብቻዎን አይኑሩ» አለው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሦስቱም «እኔ ጋ!» አሉ። የአባት ምርቃት ማን ይጠላል? ሲጨቃጨቁ ሰነበቱና አንድ ቀን ይርዳው ጠረጴዛውን ደበደበ፦

«ገንዳውን ያዳነ ልጄ ገንዳውን ይውሰድ! እኔም ገንዳው ያለበት ነኝ። ደጀኔ፣ ምስክሬም ዳኛዬም አንተ ነህ።»

ምነው ያን ቀን ጆሮዬ በደነቆረ!

የመጀመሪያው ልጅ መክብብ ነው፣ እዚሁ ድሬ የሚኖር መምህር። ጠዋት ተናግሮ ማታ ሥራ የሚጀምር ሰው ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ወዳጁን ለምኖ ከጅቡቲ ሃያ የባሕር ቀንድ አውጣ በጄሪካን አስመጣ። ቀንድ አውጣዎቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው እየላሱ ወጡ። በሳምንቱ ዓሣዎቹ መልሰው ታዩ። ግን ቀንድ አውጣ አንድ ጉድ አለበት፤ ጀርባው ላይ ከወደቀ ራሱን ማቅናት አይችልም፣ ካላነሱት እዚያው ይሞታል። መክብብም ዘወትር ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይገባ እየመጣ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ውሃው ውስጥ ነክሮ የወደቁትን አንድ በአንድ ሲያቃና ሁለት ወር ከረመ። አንድም አልሞተበትም። ድንጋዩን ግን ቀንድ አውጣዎቹ ነካ ነካ አድርገው ተዉት፤ ኮራሏም እንደታነቀች ቀረች።

አባትየውስ ምን ያደርጋል? ቆስጣ ቀቅሎ ለቀንድ አውጣዎቹ ይጥልላቸዋል!

«ይርዳው፣ የመጡት አልጌ እንዲበሉ እኮ ነው» ስለው፣

«ከጅቡቲ ድረስ የመጡ እንግዶች ናቸው። ቤቴ መጥተው ቆሻሻ ብቻ ይብሉ?» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው።

ሁለተኛዋ ሰብለ ናት፣ መድኃኒት ቤት ያላት። የወንድሟን ሥራ አይታ «መስታወት ማጽዳትማ በጨርቅም ይቻላል» አለችና የባሕር ጃርት አስመጣች። ቡጢ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ዙሪያውን እሾህ የሆነ ፍጡር ነው። ድንጋዩን ሲግጥ አጥንቱን አወጣው! ኮራሏን አንቆ የያዘውን የአልጌ ፀጉር ከሥሩ መላጨት የቻለ እሱ ብቻ ነው። ችግሩ የሚሄድበትን አያይም። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮራሏን በእሾሁ ገፍቶ ከአናት እስከ ወለል ጣላት፤ አንዱ ቅርንጫፏ ቀንጠስ አለ። ይርዳው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ቆሜ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ።

ሰብለ ግን አላለቀሰችም። ሁለቱንም ቁራጮች አውጥታ፣ በሱፐር ግሉ ማጣበቂያ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ድንጋይ ላይ አጣበቀቻቸው። «አባዬ፣ ተረጋጋ፣ ይይዛል» አለችው። ያዘም። ከሁለት ወር በኋላ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ራሱን ችሎ ጫፍ አወጣ፤ የወርቅነሽ ኮራል ሁለት ሆነች። ይህን በጥፋት ትቆጥሩታላችሁ ወይስ በልማት? እኔ ግራ ገብቶኛል።

ይሁንና ቀንድ አውጣውም ሲልስ፣ ጃርቱም ሲግጥ፣ አልጌው ሌሊት የተበላውን ቀን እየተካ አስቸገረ። ሃያ አንድ አፍ እየበላው የማያልቅ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው? መክብብና ሰብለ እርስ በርስ መወነጃጀል ያዙ። «ያንተ ሰነፎች ናቸው»፣ «ያንቺ አፍራሽ ነው» ሲባባሉ፣ ሦስተኛው ልጅ ናሁሠናይ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ከአዳማ መጣ።

ናሁሠናይ ምንም አላመጣም። ቀንድ አውጣ የለ፣ ጃርት የለ። አንድ እሑድ ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ገንዳውን ሳይሆን ሰዉን አየ። በዚያ ቤት ደንብ አለ፤ የገባ ሁሉ ዓሣዎቹን ሳያጎርስ አይወጣም። ይርዳው የምግቡን ቆርቆሮ ይዞ በር ላይ ይቀበላችኋል። «በሞቴ! አንድ ጊዜ ብቻ!» ትጥላላችሁ። «ኧረ አንድ ያጣላል!» ትደግማላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሥራ አራት ሰው ገባ፤ አሥራ አራታችንም ሁለት ሁለት ጊዜ አጎረስን። ዓሣዎቹ ጠግበው ዞር ሲሉ ምግቡ ወርዶ ድንጋይ ሥር ይበሰብሳል።

ማምሻውን ናሁሠናይ ተነሳ። «አልጌውን የምትቀልቡት እናንተ ናችሁ» አለ። ቆርቆሮውን ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ ቆስጣውን ደፋው፣ መስታወቱ ላይ «ማጉረስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ዓሣዎቹን በቀን አንዴ፣ ቁንጥር፣ እሱ ራሱ ብቻ ይመግብ ጀመር። እኔን፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ጣቴ ላይ የያዝኩትን ቁንጥር «ይቅርታ ጋሽ ደጀኔ» ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ! እስካሁን ይቆጨኛል።

«ሰው ቤቴ መጥቶ ሳያጎርስ ይሂድ? እናትህ ብትሰማ ምን ትላለች?» አለው አባቱ።

«እናቴ ኮራሏን አድንልኝ ትል ነበር» አለ ናሁሠናይ።

ቀንድ አውጣዎቹ ቆስጣው ሲቋረጥባቸው የመጡበትን ሥራ አስታወሱ። ጃርቱም ሌሊት የገጠውን ቀን የሚተካበት አጣ። ወር ሳይሞላ ገንዳው ውሃ ያለበት እስከማይመስል ጠራ። ኮራሏም ከእግሯ ጀምሮ ሐምራዊ ቀለሟ ተመለሰ። ሳሎኑ ግን ባዶ ሆነ። ስድስት ዓመት ዘጠኝ ሰዓት ሲል የምትመጣው ወይዘሮ ኢክራም ወረቀቱን አንብባ «እንግዲህ ዓሣ ካልተጎረሰ ምን ልሠራ እመጣለሁ» ብላ ቀረች። እሷን ተከትለው ሌሎቹም ቀሩ። ይርዳው ከጠራ ገንዳ ፊት ለፊት ብቻውን ተቀምጦ አየዋለሁ፤ ያበሳጨኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ልጆቹ አሁን እኔ ቤት ናቸው። ወንበሬን ይዘው፣ ትዕግሥቴን ጨርሰው።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው» ይላል መክብብ። «ማንም ሳይጀምር ጀመርኩ። ሁለት ወር ሙሉ እጄ ውሃ ውስጥ ነበር። እነሱ የጨረሱት የእኔን ጅምር ነው።»

«መስታወት ብትወለውል ኮራሏ ትድን ነበር?» ትላለች ሰብለ። «አንገቷ ላይ የነበረውን ያነሳው የእኔ ጃርት ነው። ስትሰበርም ያጣበቅኋት እኔ ነኝ። አንድ ነበረች፣ ሁለት አደረግኋት።»

«ዓመቱን ሙሉ ሃያ ቀንድ አውጣና ሃያ ጃርት ብታመጡ አልጌው አይለቅም ነበር» ይላል ናሁሠናይ። «በሽታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ለናሁሠናይ «ቀንድ አውጣዎቹና ጃርቱ ባይኖሩ አንተ የቆለፍከው ቆርቆሮ አልጌ ይበላ ነበር?» እላለሁ። ለመክብብ «ያንተ ቀንድ አውጣዎች ቆስጣ ላይ ተኝተው ከርመዋል» እላለሁ። ለሰብለ «አባትሽን ያስለቀሰው የማን እንስሳ ነው?» እላለሁ። ተናግሬ ሳልጨርስ ሦስቱም አንድ ላይ ይጮሃሉ።

አንዱ የሰፈር አዋቂ መጥቶ «ኮራሏ ሁለት ሆናለች፣ ይካፈሏት» ብሎ መከረኝ። ኮራሏ ትከፈላለች፤ ይርዳው ይከፈላል?

ትናንት ራሱ መጣ። በከዘራ፣ ግድግዳ እየያዘ። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ካስገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሸሚዙን ከሻንጣ እያወጣ ይለብሳል፣ አጥቦ መልሶ ሻንጣው ውስጥ ያስገባል። በሩ ላይ ቆሞ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ደጀኔ፣ ማልኩልህ፤ ቃሌን አላጥፍም። የፈረድክልኝ ቤት እሄዳለሁ። ግን ቶሎ በል እንጂ፣ የት እንደምሞት ልወቅ።»

ምን ብዬ ልፍረድ? እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ተከራከሩና ንገሩኝ፦ በየጠዋቱ የወደቀውን ያነሳው፣ የተሰበረውን ያጣበቀችው፣ ወይስ ሰዉን አስቀይሞም ቢሆን ምንጩን የዘጋው? ገንዳውንና አባትየውን መውሰድ የሚገባው የትኛው ልጅ ነው?