አልወርድም ያለው የአስካለች ግድግዳ

አንድ ግድግዳ ነበር በሉኝ። ነበር ካላችሁ ልቀጥል። ግድግዳው የቆመው በወይዘሮ አስካለች ሳሎንና በወይዘሮ አስካለች ማድ ቤት መካከል ነው። ከግድግዳው ወዲህ አስካለች ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ባሏ አቶ ይመኑ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ይውላል። ይመኑ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበር። እግሩ ከከዳው በኋላም ማውራቱን አልተወም፤ ግን እሱ ሲያወራ ግድግዳው ይሰማል፣ አስካለች "ምን አልክ?" ትላለች። መድገም ሰለቸውና ዝም አለ። ይሄ ዝምታ አስካለችን አስፈራት።

"የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው" አለች። "ይሄ ግድግዳ ይውረድ፣ ሳሎኑና ማድ ቤቱ አንድ ይሁኑ፣ ይመኑ ያውራኝ።" ኖራ አመጣችና ወለሉ ላይ አሰመረች። እዚህ ምድጃ፣ እዚህ ጠረጴዛ፣ በመካከል የወንበሩ ጎማ የሚያልፍበት መንገድ። አንዴም አላጠፋችም፤ የቤቷን ነገር ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ከዚያ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና "በል ውረድ" አለችው።

"አልወርድም" አለ ግድግዳው። "ጣሪያው የተኛው እኔ ላይ ነው። መጀመሪያ ቢም የሚሉት ወፍራም ብረት ይግባና ይቀበለኝ።"

አስካለች ነጠላዋን አጣፍታ ግንበኛው ማንደፍሮ ዘንድ ሄደች። "ማንደፍሮ፣ ቢም አግባ፣ ቢሙ ጣሪያውን ይቀበል፣ ግድግዳው ይውረድ፣ ይመኑ ያውራኝ።"

ማንደፍሮ መጥቶ አየና ራሱን አከከ። "እትዬ አስካለች፣ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ቁምሳጥኑ ግድግዳው ሥር ተኮልኩሎ እኔ የት ልቁም? ዕቃው የሚገባበት ክፍል ከጓሮ ይቀጠል። ደግሞ ቶሎ ነው፤ ክረምት ከገባ ጣሪያ አልነካም።"

"ይሄማ ቀላል ነው" ብላ ወደ ጓሮ ዞረች። "ጓሮ ሆይ፣ ክፍል ተቀበል፣ ዕቃው ይውጣ፣ ማንደፍሮ ቢም ያግባ፣ ቢሙ ጣሪያውን ይቀበል፣ ግድግዳው ይውረድ፣ ይመኑ ያውራኝ።"

"አልቀበልም" አለ ጓሮው። "ጠባብ ነኝ። ክፍል ካረፈብኝ የእትዬ ስመኝን አጥር ይነካል። ጎረቤት ሳይፈርም መሠረት አይቆፈርብኝም።"

አስካለች የእትዬ ስመኝን በር አንኳኳች። "እትዬ ስመኝ፣ ይፈርሙልኝ፣ ጓሮው ክፍል ይቀበል፣ ዕቃው ይውጣ፣ ማንደፍሮ ቢም ያግባ፣ ቢሙ ጣሪያውን ይቀበል፣ ግድግዳው ይውረድ፣ ይመኑ ያውራኝ።"

"ፊርማው ምን ገዶኝ፣ አስካልዬ" አሉ እትዬ ስመኝ። "ግን ዶሮዬ ባጥሩ ሾልካ እናንተ ጓሮ፣ ይመኑ መስኮት ሥር እንቁላል ታቅፋለች። በአካፋ ካስደነገጣችኋት ጥላው ትሄዳለች። እሷ ከዚያ ሳትነሳ አልፈርምም።"

አስካለች መስኮቱ ሥር በርከክ አለች። "ዶሮዬ፣ ተነሺ፣ እትዬ ስመኝ ይፈርሙ፣ ጓሮው ክፍል ይቀበል፣ ዕቃው ይውጣ፣ ማንደፍሮ ቢም ያግባ፣ ቢሙ ጣሪያውን ይቀበል፣ ግድግዳው ይውረድ፣ ይመኑ ያውራኝ።"

ዶሮዋ ጣቷን ነከሰቻት። ከታቀፈች ገና ሦስት ቀኗ ነው፤ ሃያ አንድ እስኪሞላ ዝናቡ ይደርሳል። አስካለች ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ ልትቆርጥ የደረሰችው። "ኧረ እባክሽ ተነሺ፣ ባሌ ዝም ብሎብኛል!" ብላ ጮኸች።

"አስኩ" አለ ከመስኮቱ አንድ ድምፅ። ይመኑ ነበር። "እንደሱ አትነሳም። ከእኔ ጋር ነው የምትግባባው። ከመጋቢት ጀምሮ ዳቦ እየፈረፈርኩ የማወራው ለሷ ነው።"

ሰውየው የቤቱን ወሬ ሁሉ ለሰው ዶሮ ሲያወራ ከርሟል! ግን አስካለች ለማልቀስ ጊዜ የላትም። ቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዘጎዘች፣ ወንበሩን እየገፋች ጓሮ አወጣችው፣ ቅርጫቱን ጭኑ ላይ አደረገችለት። ይመኑ ጎንበስ ብሎ "ነይ እመቤት፣ ቤት ልንቀይር ነው" አለ። ዶሮዋን በሁለት እጁ አንሥቶ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጣት፤ አልነከሰችውም። አስካለች እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከሥሯ አስገባች።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ዶሮዋ ተነሣች፣ እትዬ ስመኝ ፈረሙ፣ ጓሮው ክፍል ተቀበለ፣ ዕቃው ወጣ፣ ማንደፍሮ ቢም አገባ፣ ቢሙ ጣሪያውን ተቀበለ፣ ግድግዳውም እያጉረመረመ ወረደ። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይመኑ መኝታ ቤት የከረመው ቅርጫት ውስጥ አሥር ጫጩቶች ይንጫጩ ነበር።

በማግስቱ ይመኑ በኖራው መሥመር ላይ ወንበሩን እያንከባለለ መጣና መካከል ላይ ቆመ። አስካለች ምድጃው ጋ ወጥ ታማስላለች። እጇን አየ፣ ድስቱን አየ።

"አስኩ፣ ለካ ጨው እንዲህ በእፍኝ ነው የምትጨምሪው!"

አስካለች አጥርታ ሰምታዋለች። ቢሆንም ማንኪያዋን አስቀመጠችና "ምን አልክ?" አለችው። ይመኑም ሳይሰለች ደገመላት።

እኔ ግድግዳውን በወሬ አፈረስኩት፤ ፍርስራሹን ማንሳት የእናንተ ፋንታ ነው።