«ታማለች» ያለው መልእክተኛ

«አንድ ባለጸጋ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ላቀው።

ይህን ያሉት የባዕድ ቋንቋ የምታስተምረው ትርሲት ጥያቄዋን እንደጨረሰች ነው። ጥያቄዋም እንዲህ የሚል ነበር፦ «መምህር፣ ክፍለ ጊዜው ለሰዋስውና ለቃላት እንኳ አይበቃኝም። የቋንቋው ባለቤቶች እንዴት እንደሚያገቡ፣ እንዴት እንደሚያለቅሱ፣ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ ማስተማር ለምን ያስፈልጋል? ቋንቋውን ካወቁ ሌላውን ሲደርሱበት ያውቁት የለም ወይ?»

ሽማግሌው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ባለጸጋው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ልጅቱ በብርቱ ትኩሳት ታማ ተኛች። ያገሩ መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አልሆነም። ከሐይቁ ማዶ ግን ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ይኖር ነበር፤ በዚያም ለእንዲህ ያለው ትኩሳት ፍቱን የሆነ ሥር የምታውቅ መድኃኒተኛ እንዳለች ይወራ ነበር። ባለጸጋው የማዶውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ አንድ ሰው ተገኘለት። ይህ ሰው ቋንቋውን የለመደው ሐይቁን ተሻግረው ለገበያ ከሚመጡ ነጋዴዎች ነው። ዐይኑን ጨፍኖ የሰማው ሁሉ የማዶ ሰው ነው ይለው ነበር። ቤታቸው ገብቶ ግን አያውቅም።

መልእክተኛው በታንኳ ተሻገረ። መድኃኒተኛዋ ደጅ ሲደርስ ሴትዮዋ ወጥታ «ግባ፣ አረፍ በል» አለችው። እሱ ግን ቸኩሏል። ከአጥሩ ውጭ እንደቆመ፣ «አልቀመጥም እናቴ። የባለጸጋው ልጅ በጣም ታማለች፤ ቶሎ ድረሽ» አላት።

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። «በጣም?» ስትል ደግማ ጠየቀችው።

«በጣም።»

አንገቷን ደፍታ፣ «እመጣለሁ፤ አንተ ቅደም» አለችው። ሰውየው ደስ ብሎት ተመለሰና ባለጸጋውን «አይዞዎት፣ እየመጣች ነው» አለው።

በማግስቱ መጣች። ግን ብቻዋን አልነበረችም። ራሳቸው ላይ አመድ የነሰነሱ ሴቶች አስከትላ፣ ደረቷን እየመታች ነው የመጣችው። ሥር የለ፣ ቅጠል የለ። እናትየው ልቅሶውን ስትሰማ፣ ልጇ እቅፏ ውስጥ እየተነፈሰች፣ የሞተችባት መስሏት ጮኸች።

መድኃኒተኛዋ ገብታ ልጅቱን አየች፤ ደነገጠችም። ወደ መልእክተኛው ዞራ፣ «በሕይወት አለች! ታዲያ ምነው ደጄ ላይ ቆመህ ‹ታማለች› አልከኝ?» አለችው።

«ታማለቻ! ሌላ ምን ልበል ኖሯል?»

«እኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ ‹ሞተ› አይልም። ቤትም አይገባም። ከአጥር ውጭ ቆሞ ‹በጣም ታሟል› ይላል። በሽተኛ ያለበት ሰው ግን ገብቶ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ያወራል። ደግሜ የጠየቅሁህ እኮ ለዚህ ነበር።»

ሰውየው ያለውን ቃል በቃል በልቡ ደገመው። ከተናገረው ውስጥ አንድም ቃል አልተሳሳተም ነበር።

ሴትዮዋ ሥሩን ልታመጣ ሐይቁን መልሳ ተሻገረች። ልጅቱ በመጨረሻ ዳነች፤ ሥሩ እስኪመጣ ግን ትኩሳቱ አንድ ጆሮዋን አደነቆረው። እናትየው መልእክተኛውን ለብዙ ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም።

መድኃኒተኛዋን ወደ አገሯ የሸኛት እሱው ነው። ታንኳው ላይ ዝም ማለት አልቻለም። «ደስ ሲላችሁስ ምን ትላላችሁ? ስትቆጡስ? እንቢ ስትሉ እንቢ ነው የምትሉት?» እያለ ይጠይቃት ጀመር።

ሴትዮዋ ሳቀች። «በታንኳ ላይ ተነግሮ ያልቃል እንዴ? ና፣ ገብተህ ተቀመጥና እይ» አለችው። ገባ። ክረምቱንም እዚያው ከረመ።

መምህር ላቀው ይህን ተናግረው ወደ ትርሲት ዞሩ። «ልጄ፣ ነጋዴዎቹ ያስተማሩት ቃል ሐሰት አልነበረም። አንቺም የምታስተምሪው ሰዋስው ትክክል ነው። ነገር ግን ተማሪዎችሽን ቃሉን ብቻ አስይዘሽ ከላክሻቸው እንደዚያ መልእክተኛ መሆናቸው ነው፤ አንዲት ፊደል ሳይሳሳቱ መርዶ ይነግራሉ።»

«ጊዜውንስ ከየት ላምጣው መምህር?»

«ለብቻው ጊዜ አትፈልጊለት» አሉ ሽማግሌው። «‹ታማለች›ን ስታስተምሪ፣ ማን፣ የት ቆሞ፣ ለማን እንደሚለው አብረሽ አስተምሪ። ቋንቋው ራሱ ያ ነው።»