የአዳራሹ መቀርቀሪያ

አንድ ቀን፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ በጨፌ በር ከተማ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣና የኪነጥበብ ማዕከሉን ጣሪያ ግማሹን ገንጥሎ ወሰደው። ቆርቆሮው የተገኘው ከወንዝ ማዶ፣ የሰው በቆሎ ላይ ተኝቶ ነው። ከመድረኩ በላይ ያለው ጣሪያ ተርፏል። ሰው የሚቀመጥበት በኩል ግን ቀና ሲሉ ሰማይ ሆነ።

ማዕከሉን የሚመራው ማንያዘዋል የሚባል፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ጣሪያው በሄደ ማግስት ተዋንያኑን ሰብስቦ፣ «ልምምድ እንደወትሮው በስምንት ሰዓት ነው» አላቸው።

«የት?»

«እዚሁ። ወንበሩን መድረኩ ላይ አውጡት። ተመልካቹ ጣሪያው ሥር ይቀመጣል፤ እኛ ከታች ዝናቡ ላይ እንጫወታለን።»

«እንበሰብሳለን እኮ!» አለች አንዷ።

«የቴአትሩ ሁለተኛ ክፍል ላይ ጎርፍ አለ አይደል? ይኸው መጣልሽ።»

ሥራው ሳይቋረጥ ሁለት ሳምንት ሄደ። ከዚያ አቶ ጥላዬ መጡ።

አቶ ጥላዬ የከተማው የባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ቴአትር ሲጀመር ያንቀላፋሉ፤ ሲያልቅ ነቅተው ከሁሉም በላይ ያጨበጭባሉ። በዚያ ሰሞን ስለ ቀውስ ጊዜ አመራር የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብተው ቢሯቸው ሰቅለውታል። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ክፍቱን ጣሪያ አዩትና፣

«በቀውስ ጊዜ መሪ ምን ያደርጋል?» አሉ።

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ይቀንሳል! ስንት ተዋናይ አለህ?»

«አሥራ አንድ።»

«አምስት ይበቃሃል።»

«ሠርግ አለበት፣ አቶ ጥላዬ። ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሁለት ሚዜ፣ የሙሽሪት አባት። ይኸው አምስት ሞላ። ማን ይጨፍርላቸው?»

«ተመልካቹ አጃቢ እንዳለ አድርጎ ያስባላ!»

«ይሁን። ተመልካቹንስ ማን ያስበው?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ሕዝብ አይመጣልህም። አዳራሹን ለስብሰባ ልቀቅልኝ። እኔ ስጠራ አራት መቶ ሰው ነው ግልብጥ ብሎ የሚመጣው።»

ነገሩ ዛቻ ብቻ አልነበረም። የመዝጊያው ደብዳቤ ተጽፎ ፊርማ ይጠብቃል። ከተማው ውስጥ ሌላ መድረክ የለም። ማዕከሉ ከተዘጋ አሥራ አንዱም ተዋንያን በየፊናቸው ይበተናሉ፤ ከተበተኑ ደግሞ መልሶ የሚሰበስባቸው የለም። ማንያዘዋል ይህን ስለሚያውቅ ለከተማው ምክር ቤት አቤት አለ።

አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ የሺመቤት ዕድሜያቸውን በሙሉ ያስተማሩ፣ ቁርጥ ያለ ነገር የሚወዱ ሴት ናቸው። ሁለቱንም አዳመጡና፣ «ቅዳሜ ሁለታችሁም ሰው ጥሩ» አሉ። «ጥላዬ ጠዋት ስብሰባህን፤ ማንያዘዋል በስምንት ሰዓት ቴአትርህን። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። አዳራሹ ሰው ለሚመጣለት ይሆናል።»

አቶ ጥላዬ በስብሰባ ጉዳይ የሚታሙ ሰው አይደሉም። ድሮ ሰዉን የሚያስፈርሙት ሲገባ ነበር። ሰዉ ደግሞ ይፈርምና በጓሮ በር ውልቅ ይላል። አንድ ጊዜ በመቶ ሰባ ፊርማና በስድስት ሰው ስብሰባ መርተዋል። ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጁ። የጓሮውን በር በሚስማር አስመቱት። መፈረሚያው ወረቀት የሚዞረው ስብሰባው ሲያልቅ ብቻ ሆነ። የፊቱ በር ከውስጥ ይቀረቀራል፤ መቀርቀሪያው ላይ ዘበኛው ጋሽ ደበላ ይቆማሉ። ያልፈረመ ሰው መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ሲሄድ፣ «የዚያን ዕለት የት ነበርክ?» ይባላል።

ስለዚህ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት አራት መቶ ሰው መጣ። ወንበሩ ከመድረኩ ወርዶ እንደ ዱሮው ከታች ተደርድሯል። ጣሪያው ሥር አቶ ጥላዬ፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ የላስቲክ አበባና የውኃ ጠርሙስ ተቀመጡ። ሕዝቡ ሰማይ ሥር ተቀመጠ። ማንያዘዋልም ስሙ ወረቀቱ ላይ ስላለ ከሕዝቡ መሐል ነው።

ስብሰባው በስድስት ሰዓት ያልቃል ተብሎ ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት አለፈ። ካፊያ ጀመረ። አቶ ጥላዬ ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ገለጡና «በመጨረሻም» አሉ። ለአራተኛ ጊዜ ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ማንያዘዋል ከውጭ ሳቅና ጫጫታ ሰማ፤ ጃንጥላ ሲዘረጋ ሰማ። የእሱ ሰዎች መጥተዋል። አቶ ጥላዬም ሰምተዋል፤ ሰምተው ወደ ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ተሻገሩ። ያን ጊዜ ማንያዘዋል ገባው። ሰውዬው የሚጠብቁት ውጭ የቆመው ሰው በዝናብ ተማሮ ወደየቤቱ እንዲሄድ ነው። ከሄደ ወይዘሮ የሺመቤት የሚያዩት ባዶ ወንበር ይሆናል።

ውጭ የቆመው ሰው ግን አልሄደም። በሩን መታ። ከውስጥም የረጠበውና የራበው ሰው እየተነሣ ወደ በሩ ተጠጋ። በሩ መንገጫገጭ ጀመረ።

አቶ ጥላዬ ፊታቸው በራ። «ይመልከቱ እንግዲህ፣ ወይዘሮ የሺመቤት! ከሰው ብዛት በር ሊሰበር ነው!» አሉ በድምፅ ማጉያው። «ማንያዘዋል! የት አለህ? እስቲ ተነሥና ለሕዝቡ ንገር። ሰው እንዴት እንደሚሰበሰብ ዛሬ ተማርክ ወይስ አልተማርክም?»

ማንያዘዋል ተነሣ። ከፀጉሩ ውኃ ይንጠባጠባል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ በሩ ዞረ።

«ጋሽ ደበላ፣ ማን ነው የሚገፋዎት?»

«ሁሉም ነው፣ ልጄ!» አሉ ጋሽ ደበላ መቀርቀሪያውን እንዳቀፉ። «ከውስጥ ያለው ‹አስወጣኝ› ይለኛል፤ ከውጭ ያለው ‹አስገባኝ› ይለኛል። መሐል ላይ እኔ አለቅኩ!»

ማንያዘዋል ወደ መድረኩ ተመለሰ።

«ተምሬያለሁ፣ አቶ ጥላዬ። እኔና እርስዎ የምንለያየው በዚያች መቀርቀሪያ ነው። እርስዎ ሰው እንዳይወጣብዎ ይቀረቅሯታል፤ እኔ ሰው እንዳይገባብኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ጥላዬ ሠላሳ ሦስተኛውን ገጽ ገለጡ። ወይዘሮ የሺመቤት ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ «ደበላ፣ በል ሳበው» አሉ።

በሩ ተከፈተ። አራት መቶው ሰው በአንድ ትንፋሽ ወጣ። አቶ ጥላዬም መፈረሚያውን ወረቀት ይዘው «ፊርማ! ኧረ ፊርማ!» እያሉ ተከትለው ወጡ። አንድ ሰው ዞር ብሎ አላያቸውም። ከወጣው ሰው ብዙው ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ዞሮ ቴአትሩን ከሚጠብቀው ሰው ኋላ ተሰለፈ። ወንበሩ መድረኩ ላይ ወጣ። መቀመጫ ያጣው በየግድግዳው ጥግ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆመ። ጋሽ ደበላ በሩን መልሰው ቀረቀሩት። ከታች፣ ሰማዩ ሥር፣ አሥራ አንዱም ተዋንያን ሠርጉን ጀመሩት። ሙሽሪት በዝናቡ መሐል ስትወጣ እልልታው ወንዝ ማዶ ተሰማ።

ሙሽራው ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት ሰዉ ሲስቅ፣ በሩ ተደበደበ።

«ክፈት!»

«ማነው?» አሉ ጋሽ ደበላ።

«ጥላዬ ነኝ! ኃላፊው! እየበሰበስኩ ነው!»

ጋሽ ደበላ በቀዳዳው አጮልቀው አዩ። አቶ ጥላዬ ፊርማ የሌለበትን ወረቀት አናታቸው ላይ ደፍተው ቆመዋል። ጋሽ ደበላ መቀርቀሪያውን ነካ አድርገው መጥበቁን አረጋገጡና፣

«ሞልቷል፣ ጌታዬ» አሉ።