ለአህዪት ያልተወረወረው ኳስ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ በጫካው ውስጥ ያልደረቀ ምንጭ አንድ ብቻ ቀረ። ሣር በሎችና ሥጋ በሎች በዚያች ምንጭ ሲጋደሉ ያየው አንበሳ ተቆጣና «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ። ቀድሞ አምስት ያገባ ወገን ምንጩን ይወስዳል። የተሸነፈው ሦስት ቀን ተጉዞ ወንዝ ይውረድ» ሲል ፈረደ። መለማመጃም ሦስት ሳምንት ሰጣቸው። ሥጋ በሎቹ ጅብንና ቀበሮን፣ ሣር በሎቹ ጦጢትንና አህዪትን መረጡ።

አህዪት በዚያው ሰሞን ወልዳ ነበር። ውርንጭላዋ እግሩ ገና ስላልጠና ጥቂት ሄዶ ይወድቃል። የሦስት ቀን መንገድ እንደሚገድለው እናቱ ታውቃለች።

ኳስ በማንጠር ጦጢትን የሚያህላት አልነበረም። ዘዴዋ ይህ ነው፦ አህዪት በቀበሮ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ጦጢት በእሷ ተከልላ ታልፋለች። ሥጋ በሎች ግን ለአንድ ሁለት መሆን ይወዳሉ። ጅብ አህዪትን ትቶ ከቀበሮ ጋር እንደሚያፍናት ስለገመተች፣ ጦጢት በሁለት የግራር ቁጥቋጦዎች መሃል መለማመድ ጀመረች። ኳሱን እያነጠረች ወደ እሾሁ ትሮጣለች፤ ሁለት ጊዜ አንጥራ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ በእግሮቿ መሃል አሳልፋ ከቀኝ ወደ ግራ ትለውጥና በጠባቧ ክፍተት ትሾልካለች። ትከሻዋ ደማ፤ አላቆመችም። የአህዪት ሥራ መቆም ብቻ ነበር። ጦጢት እየተጋጨቻት ስታልፍ ዓይኗን ጨፍና ሕመሙን ትችላለች።

«ጦጢት እህቴ» አለች አንድ ቀን፣ «ጅብ ትቶኝ ወዳንቺ ከመጣ እኔን የሚጠብቀኝ የለም ማለት ነው። እስቲ ወርውሪልኝ። አንገቴ ረጅም ነው፤ በአፌ ተቀብዬ ቅርጫቱ ውስጥ እጨምረዋለሁ።»

ጦጢት ሳቀች። «በዚያ ከንፈርሽ? አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚልኝ፤ ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር።»

«ጊዜ የለንም አልኩሽ!»

ጊዜስ ነበራቸው። ገና አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

ቀበሮ ከድንጋይ ኋላ ተጋድሞ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ሮጦ ሄዶ ለጅብ ነገረው።

«አያ ጅቦ፣ ሥራህ ቀላል ነው። ጦጢት ከአህዪት ጀርባ ብቅ ስትል አህዪትን ትተህ እሷ ላይ ዝለል።»

«አህያ ትቼ?» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «በዕድሜዬ አህያ ትቼ ሄጄ አላውቅም!»

«ኳስ መቀበል አላስተማረቻትም፤ ምንም አታመጣም።»

«ከጨዋታው በኋላስ?»

«እሱ የራስህ ጉዳይ ነው።»

ቀኑ ደረሰ። ጦጢት አራት ጊዜ በሁለቱ መሃል ሾልካ አራት አገባች። እውነቱን ለመናገር ድንቅ ነበረች። ጅብና ቀበሮም አራት አገቡ። በመጨረሻዋ ላይ ግን ቀበሮ ነቃና ክፍተቷን በጎኑ ዘጋት። ግራ ብትል ጅብ፣ ቀኝ ብትል ቀበሮ ሆነባት። ጦጢት በጅብ እግሮች መሃል ስታይ አህዪት ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማለች።

«ያዢው!» ብላ ወረወረች።

ኳሱ በደንብ መጣ። አህዪት ግን በሦስት ሳምንት የለመደችው የሚመጣባትን ዓይን ጨፍኖ መቻል ነው። ጨፈነች። ኳሱ ግንባሯን መትቶ ተንከባለለ። ቀበሮ አነሣና ሮጦ አገባው። አንበሳም «በቃ» አለ።

በማግሥቱ ሣር በሎቹ ተሰልፈው ወጡ። በሁለተኛው ቀን ውርንጭላው መንገድ ላይ ተኛ። እናቱ በአፍንጫዋ ደጋግማ ብትገፋው አልተነሣም።

ጦጢት መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። «መንገዱን ሁሉ ኳሱን አልያዘችም እያልኩ ሳማሽ ነበር» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በዪኝ።»

አህዪት ልጇን እየላሰች «አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የለመንኩሽ» አለች።

ከኋላ የጅብ ድምፅ እየቀረበ ስለመጣ፣ ልጇን እዚያው ትታ ተነሣች። ጦጢትም እያለቀሰች ተከተለቻት።

ከዚህ የምንማረው በደህናው ቀን እምነት የነፈግነው ባልንጀራ በጭንቅ ቀን ሳይደርስልን ቢቀር፣ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኛ መሆኑን ነው።